ማሽኑ ጎበዝ፣ ፕሮግራሙ ዝምተኛ

የአክስቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ ቤተሰቡ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ ፎቶ ይነሳ ተባለ። አሥራ ሁለት ጥቁር ቲሸርት። ደረቱ ላይ በወርቃማ ቪኒል፣ ማለትም በሚለጠፍ ስስ ፕላስቲክ፣ «እንኳን ደስ አለሽ»። ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ከዘመዱ ሁሉ በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን ያለኝ እኔ ብቻ ነኛ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የምግብ ጠረጴዛችን ግማሹ የማሽኑ፣ ግማሹ የእኛ ነው።

ልጄ ከተኛች በኋላ ጀመርኩ። ቆረጥኩ። ከዚያ ለቀማ። ቪኒል ከተቆረጠ በኋላ ትርፉን በመርፌ እየነቀሉ ማውጣት አለ። ፈረንጆቹ የአረም ሥም ነው የሰጡት። እኛ ቤት ግን ለቀማ እንለዋለን፤ አቀማመጤ እማዬ ምስር ስትለቅም የምትቀመጠውን ስለሚመስል። በየፊደሉ እግር መሃል የቀረችውን ቁራጭ ሁሉ አንድ በአንድ ነቅዬ አሥራ ሁለቱንም ስጨርስ ሌሊቱ ተጋምሷል። እየለቀምኩ ጽሑፉን አነብ ነበር። ጥርት ብሎ ይነበባል። መነበቡ ነው ጉዱ።

በካውያ የሚለጠፍ ቪኒል የሚቆረጠው በጀርባው በኩል ነው። የሚያብረቀርቀው ፊቱ ማቱ (ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ሙጫ ያለው ምንጣፍ) ላይ ይተኛል። ቢላው ሙጫ ያለበትን ጎን ይቆርጣል። ጨርቁ ላይ ሲለጠፍ ይገለበጣል። ስለዚህ ገና ሲቆረጥ በመስታወት እንደሚታይ ጽሑፍ ተገልብጦ መቆረጥ አለበት። በለቀማ ሰዓት ከተነበበ ቲሸርቱ ላይ አይነበብም። ይህን አውቃለሁ። ስንቴ ሠርቼዋለሁ። የዚያን ሌሊት ግን ረሳሁት። የመጀመሪያውን ቲሸርት ተኩሼ ፕላስቲኩን ስገልጥ እማዬ ውኃ ልትጠጣ ተነስታ ከኋላዬ ቆማለች።

«ይሄ ደሞ የየት አገር ፊደል ነው?» አለችኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሺ። ግን ፕሮግራሙ በካውያ የሚለጠፍ ቪኒል እየቆረጥኩ እንደሆነ ያውቅ ነበር። እኔው ነግሬዋለሁ። ቢላው በምን ያህል ኃይል እንደሚጫን የሚወስነው ከዝርዝሩ ውስጥ የቪኒሉን ዓይነት መርጬለት ነው። ያን ካወቀ በኋላ «ይሄ ተገልብጦ ነው የሚቆረጠው፣ አልገለበጥሽውም፣ ልቀጥል?» ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት? መገልበጫዋ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ናት፣ ከማቱ ሥዕል ጎን ጥግ ላይ የተደበቀች። ሁልጊዜ ጠፍታ ነው የምትጠብቀው። የምትገኘውም ፕሮግራሙ ምን እንደምቆርጥ ከመጠየቁ በፊት ባለው ገጽ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ ራሱ ተገልብጧል።

የማሽኑንም የፕሮግራሙንም ስም አልጠራም። የሌላ ብራንድ የገዙ ሁለት ጓደኞች አሉኝ፣ ስንገናኝ የምናወራው ብሶት አንድ ነው። የእኔን 250 ዶላር አካባቢ ነው የገዛሁት። ስለ ማሽኑ ምንም ቅሬታ የለኝም። ስቲከር ሲቆርጥ ቪኒሉን ብቻ በጥቶ ከሥሩ ያለውን ወረቀት አይነካም፤ ያ ከፀጉር የቀጠነ ልኬት ነው። ካርቶን ይቆርጣል፣ ስስ ጨርቅ ይቆርጣል፣ እስክሪብቶ ሲሰጡት ይጽፋል። በእሱ የክርስትና ሻማ፣ የኬክ ጌጥ፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የምረቃ ባርኔጣ ስቲከር ሠርቼ ሸጫለሁ። በጁላይ 4 ሰሞን ለሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ፌስቲቫል ሰው ቲሸርት ያዘኛል። የማሽኑን ዋጋ ካወጣሁ ቆየሁ። የሚያደክመኝ ስክሪኑ ነው።

ፕሮግራሙ መበተን የሚባል ጠባይ አለው። አርባ የክርስትና ሻማ ታዝዤ ነበር። ከላይ የሕፃኑ የክርስትና ስም፣ መሃል መስቀል፣ ከታች ቀኑ። ስክሪኑ ላይ አስተካክዬ፣ ሦስቱንም አንድ ላይ መርጬ፣ ግሩፕ አድርጌ፣ ቁረጥ አልኩት። ማቱን ሳወጣ መስቀሉ ጥግ ላይ፣ ስሙ ወደ ጎን ተኝቶ፣ ቀኑ ሌላ ቦታ። ቪኒል እንዳይባክን ብሎ ነው። እንደ ልብስ ሰፊ ቁራጩን ሁሉ አጠጋግቶ ደረደረልኝ። አሳቢነቱን አልጠላሁትም፤ ግን ማን ጠየቀው?

ነገሩ ሲገባኝ ሦስት የሚመሳሰሉ ትእዛዞች አሉ። ግሩፕ ስክሪኑ ላይ ሲጎትቷቸው አብረው እንዲሄዱ ብቻ ነው፤ ማቱ ጋ ሲደርስ ውሉ ይፈርሳል። አታች የሚባለው ነው ባሉበት ቦታ የሚይዛቸው። ዌልድ ደግሞ የተነካኩትን አንድ አካል ያደርጋቸዋል፤ ፕሮጀክቱን ዘግተው ከከፈቱት በኋላ መልሶ መለየት የለም። ሦስቱም በእንግሊዝኛው «ማያያዝ» ለሚባለው ቅርብ ናቸው፣ ሦስቱም የተለያየ ቦታ ነው የተቀመጡት፣ አንዱም ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ሥዕል የለም። እኔ የምፈልገው ቀላል ነው። ቁረጥ ስለው የማቱን ሥዕል እያሳየኝ «ቦታቸውን ቀይሬዋለሁ» ይበለኝ። አጠገቡ አንድ የሚጫን በተን ይኑር፦ እንዳለ ይቆረጥ።

አሁን ወደ ፊደላችን ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ የምለው አለኝ።

የፎንት ዝርዝሩ መጨረሻ የለውም። እያንዳንዱ ፎንት በራሱ ስም ይታያል፣ በላቲን ፊደል። የትኛው አማርኛ እንዳለው የሚታወቅበት መንገድ የለም። አንዱን ቆንጆ መርጠህ «መልካም ልደት» ብለህ ስትጽፍ ባዶ ሳጥን ይደረድርልሃል። ደህናው እሱ ነው፤ ቢያንስ ሳጥን ይታያል። የባሰው ምንም ሳይናገር ከኮምፒውተሩ ሌላ የአማርኛ ፎንት ፈልጎ ሲተካ ነው። የመረጥከው ፎንት ስም ከላይ እንደተጻፈ ይቀራል፣ ፊደሉ ግን የሌላ ነው። ላፕቶፕ ላይ የሠራሁትን ልጄ በታብሌት ስትከፍተው መልኩ ተቀይሮ አገኘችው። ለአንድ ሰዓት ያህል «ነክተሽዋል»፣ «አልነካሁም» ተባባልን። በኋላ ይቅርታ ጠየቅኳት።

መፍትሔው ብዙ ምርምር አይፈልግም። የምጽፈውን ቃል ልጻፍ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ያለው ፎንት ሁሉ በስሙ ፋንታ የእኔን ቃል ያሳየኝ። ፊደሉ የሌለው ከዝርዝሩ ይውጣ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚስማሙበት የፊደላት መዝገብ፣ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። አንድ ፎንት የትኞቹን ፊደላት እንደያዘ ራሱ ፎንቱ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ፕሮግራሙ ገልጦ ማንበብ ብቻ ነው ያለበት። (ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ የሠርግ ጥሪ አሁንም ይላክልኛል። የአማርኛው ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ተደብቆ ስለተሠራ እኔ ጋ ሲደርስ ድመት ኪቦርድ ላይ የተራመደች ይመስላል። ለዚያ ፕሮግራሙን አልወቅሰውም።)

ለሚጀምር ሰው እኔ የማዘወትራቸው እነዚህ ናቸው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነጻ ነው። ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ስላለው ለቲሸርት ወፍራሙን እወስዳለሁ፤ አይቀደድም፣ ለለቀማ ይመቻል። አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል.ም ነጻ ነው፣ የእጅ ጽሑፍ መልክ አለው፣ ለክርስትናና ለሠርግ ያምራል። ግን ቀጫጭን ቦታዎች ስላሉት በጣም ካሳነሱት ቢላው ያነሳዋል። የዊንዶውሱ ኒያላም እንዲሁ ቀጫጭን ቦታዎች አሉት። አራት ነጥብ ትንሽ ስቲከር ላይ አላደርግም። አራቱ ነጥቦች በለቀማ ጊዜ ከትርፉ ጋር ተያይዘው ይሄዳሉ፣ ከጣቴ ጫፍ አራግፌ መልሼ ልለጥፍ ስል ይመሻል።

የኬክ ጌጥ ሌላ ጣጣ ነው። በእንግሊዝኛ የሚሠራው ተያይዞ በሚጻፍ ፎንት ነው። ፊደላቱ ስለሚነካኩ ዌልድ ሲደረጉ አንድ ቁራጭ ይሆናሉ፣ እንጨቱ ላይ ይቆማሉ። የእኛ ፊደል ራሱን ችሎ ነው የሚቆመው። ጎረቤቱን አይነካም። «መልካም ልደት»ን ከካርቶን ስቆርጥ ሰባት ቁራጭ እጄ ላይ ቀረ። ስለዚህ ከፊደሎቹ ሥር ቀጭን ሰሌዳ እዘረጋና እግራቸውን እሱ ላይ አሳርፌ ዌልድ አደርጋለሁ። ወይም ደግሞ ከኋላቸው ዙሪያቸውን የሚከተል ሰፋ ያለ ጥላ በሌላ ቀለም እቆርጣለሁ። ያ ጥላ አሁን በአንድ በተን ይሠራል፣ ለዚህ አመሰግናለሁ፤ ድሮ በእጅ ነበር የምስለው።

የግዕዝ ቁጥር ግን የተባረከ ነው። ከላይና ከታች ሰረዝ አለው አይደል? ለእንቁጣጣሽ 2018 ኬክ ፳፻፲፰ን ስሠራ በቁጥሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ቀነስኩ፣ ሰረዞቹ ተነካኩ፣ ዌልድ አደረግኩ፣ አለቀ። እንደ አጥር ተያይዞ ቆመ። በተለመደው ቁጥር የተጻፈ 2018 እንዲህ አይሆንልህም።

ክፍተት መቀነሻውን ለማግኘት ግን መከራዬን አይቻለሁ። ፊደል ካልተመረጠ አይታይም። ስክሪኑ ጠበብ ካለ ከሌሎች ጋር በሦስት ነጥብ ሥር ይደበቃል።

ስቴንስል ላይ ደግሞ ሌላ ዝምታ አለ። ስቴንስል ማለት ፊደሉ ተቆርጦ ወጥቶ በቀዳዳው ቀለም የሚቀባበት ነው። «ፀሐይ» ብዬ ቆረጥኩ። የ«ፀ» ሆድ ወደቀ። የሚይዘው ነገር የለም እኮ፣ ዙሪያውን ተቆርጧል። ድልድይ የሚሉትን ቀጭን ማያያዣ መተው ነበረብኝ። «መ»ም «ዐ»ም ይህ ችግር አለባቸው። የሚወድቀውን ቁራጭ አስቀድሞ ማወቅ ለኮምፒውተር ቀላል ሒሳብ ነው። በቀይ ቀለም ቢያሳየኝ ይበቃኛል። ቢላው ከጨረሰ በኋላ ነው የማውቀው።

ኢንተርኔቱንም ቶሎ ብዬ ልንካው። ፕሮግራሙ ሲከፈት ፓስወርድ ይጠይቃል፣ አፕዴት ያወርዳል፣ ያስባል። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ አፕዴት ሲያወርድ አይቻለሁ። ከዚያ ስትገባ በተኑ ቦታ ቀይሯል። ኢንተርኔት ከተቋረጠ ያላስቀመጥከው ሥራ ሄደ ማለት ነው፤ በራሱ አያስቀምጥም። ሥዕል ስትፈልግ ነጻውና የሚከፈልበት ተደባልቆ ይመጣል፣ የትኛው ምን እንደሆነ የምታውቀው ልትቆርጥ ስትል ነው። ሰው ሥራውን ሁሉ ኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ሲያኖር ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ የታየው በማርች 2021 ነበር። የመቁረጫ ማሽን አምራቹ የዩታው ክሪከት ወርሃዊ ክፍያ የማይከፍሉ ደንበኞች በወር ከ20 በላይ የራሳቸውን ምስል እንዳይጭኑ ሊገድብ ነው ብሎ አስታወቀ። ማሽኑን በገንዘባቸው የገዙ ሰዎች ተቆጡ። እዚያው ወር ውስጥ ሐሳቡን ተወው።

እኔ አሁን አማርኛ ያለበትን ሥራ ሁሉ ኢንክስኬፕ በሚባል የሥዕል ፕሮግራም ላይ ነው የምጀምረው። ነጻ ነው፣ ከ2003 ጀምሮ አለ፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መጀመሪያ ላይ ያስፈራል። የበተኑ ብዛት የአውሮፕላን አብራሪ ያደርግሃል። እኔ የምጠቀምበት ግን አራት ነገር ብቻ ነው። ጽሑፉን እጽፋለሁ። ሺፍት፣ ኮንትሮልና ሲ ስጫን ፊደሉ ፊደልነቱ ቀርቶ ቅርጽ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ፎንቱ የትም ኮምፒውተር ላይ ባይኖር ግድ የለም። ኮንትሮልና መደመር ስጫን የተነካኩት ይዋሃዳሉ። ከዚያ ኤስ.ቪ.ጂ. በሚባል የሥዕል ፋይል ዓይነት አስቀምጣለሁ። የማሽኑ ፕሮግራም ይህን ፋይል ሲቀበል አንዳንዴ መጠኑን ይለውጠዋል፣ ስለዚህ ስፋቱን ሁልጊዜ በቁጥር አረጋግጣለሁ። አንድ ጊዜ ለሻማ የተሠራ ጽሑፍ ለበር የሚሆን ሆኖ መጥቶልኛል።

አየህ፣ ኢንክስኬፕም ውብ አይደለም። ግን አቋራጮቹ ቦታቸውን አይቀይሩም። እጄ ለምዶታል።

ባለፈው ቅዳሜ እማዬን ላፕቶፑ ፊት አስቀመጥኳት። እሷ ድሮ ጥልፍ ጠላፊ ነበረች። ሥዕሉን በስስ ወረቀት ገልብጣ ጨርቅ ላይ ታሳርፍ ስለነበር ስለመገልበጥ ከእኔ በላይ ታውቃለች። «ሰላም» ብለሽ ቁረጪ አልኳት። ጽሑፉን ጻፍኩላት፣ የቀረውን ለእሷ ተውኩት። መነጽሯን አስተካክላ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ምነው ልጄ፣ ለአንድ ቃል ይሄ ሁሉ ዝርዝር?»

መቁረጥ ስለሆነ የፈለገችው መቀስ ፈለገች። መቀስ አለ፣ ከላይ። ተጫነችው። «ሰላም» ከስክሪኑ ጠፋ።

«ቆረጠው?» አለችኝ፣ ወደ ማሽኑ እያየች።

«አይ እማዬ፣ አነሳው።»

ወረቀት በሚቆርጥ ማሽን ፕሮግራም ላይ የመቀስ ምልክት ማለት ጽሑፍ አንስቶ ሌላ ቦታ መለጠፍ ነው። እንደማንኛውም የቢሮ ፕሮግራም። እውነተኛው መቁረጫ ታች ጥግ ላይ ያለ አረንጓዴ በተን ነው፣ ምንም መቀስ የለበትም። ስንት ዓመት ስጠቀም ይህን አስተውዬው አላውቅም ነበር። እማዬ በሁለት ደቂቃ አገኘችው። ቀጥላም ቪኒሉን መረጠችና «ለጨርቅ ከሆነ አይገለበጥም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ፕሮግራሙ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ።

መልካሙንም ልናገር። በቅርቡ የመጣው አፕዴት የቁስ ዝርዝሩ ላይ መፈለጊያ ጨምሯል፣ የምታዘወትረውን በኮከብ ምልክት ታስቀምጣለህ። ስሕተት ሲፈጠር ወደ ኋላ መመለሻው ከበፊቱ ብዙ ርቀት ይሄዳል። ቅርጽ ከቅርጽ መቀነሻና ማዋሃጃው አንድ ምናሌ ሥር ተሰብስበዋል፣ እያንዳንዱም ትንሽ ሥዕል አለው። በማውስ ከመሥራት ይልቅ በጣት መሥራት ለሚቀላቸው ልጆች የታብሌቱ ይሻላል፤ ልጄ በእሱ ነው የምትሠራው፣ ግን ላፕቶፑ ላይ ያሉት አንዳንድ ነገሮች እዚያ የሉም።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ለማሽኑ ከ10 9፣ ለፕሮግራሙ 5። ከአምስቱ አንዱ ለዚያ ጥላ ለሚሠራው በተን ነው። ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ግዙ። ቪኒል ግን መጀመሪያ ርካሹን ግዙ፣ ሁለት ጥቅል ለመበላሸት ብላችሁ ያዙ። የጨርቅና የእጅ ሥራ ዕቃ ሻጩ ጆአን በ2025 ሱቆቹን ሁሉ ከዘጋ ወዲህ እኔ ሚካኤልስ ከሚባለው የእጅ ሥራ ዕቃ መደብር ነው የምገዛው፣ ቅናሽ ሲኖር። የጨርቁን ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ማሽኑ ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ «ገልብጪ» ብላችሁ ጻፉ። የእኔ ላይ ተጽፏል፣ በእማዬ እጅ።

ለአክስቴ ልጅ ቲሸርቶች አዲስ ቪኒል ገዝቼ በማግስቱ ሌሊት እንደገና ለቀምኩ። አሥራ አንዱ አማረ። አንደኛው ቲሸርት ላይ ያለው ወርቃማ ቪኒል አልላቀቅ ስላለኝ ለቤት ማጽጃ አደረግኩት። አጎቴ ቲሸርት ሳይለብስ ፎቶው ላይ ዳር ቆመ።

ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ውስጥ ባለችው «አስተያየትዎን ያካፍሉን» ሳጥን ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ጻፍኩላቸው። ለምሳሌ እንዲሆን ደግሞ መሃሉ ላይ «እንኳን ደስ አለሽ»ን በአማርኛ አስገባሁ። መልእክቱ ደርሶናል የሚል ኢሜይል መጣ፣ የጻፍኩትም ከሥሩ ተለጥፏል። አማርኛው የነበረበት ቦታ ላይ «???? ?? ???» ይላል።